«ይገነዘባል» እና አሥራ አራተኛው ደረጃ

መጋቢት 1፣ ሰኞ

አልጠጣም። ይህ በጽሑፍ ይቀመጥ። ከእኔ ፎቅ በታች የምትኖረው እድላዊት፣ የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ፣ «እማማ ሠርካዲስ ማታ ማታ ቀመስ ያደርጋሉ» ብላ ለግማሹ ኮንዶሚኒየም አውርታለች። ባለፈው ሳምንት ከሱቅ ስመለስ የደረጃውን ብረት ይዤ ቆሜ አይታኝ ነው። በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ በዐቢይ ጾም! በሠርጌ ቀን እንኳ ብርጭቆውን በከንፈሬ ነክቼ ነው የመለስኩት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእኔንም ድርሻ ጠጥቷል።

ማዞሩ እውነት ነው። ጥፋተኛው ግን ደረጃው ነው። ዛሬ ጠዋት ማስመሪያ ይዤ ወረድኩ። አሥራ ሦስቱ ደረጃዎች ቁመታቸው አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር። አሥራ አራተኛው አሥራ ሰባት ተኩል። ከዚህ ላነሰ ስህተት ስንቱን ተማሪ ከሚዛን ፊት አስነስቻለሁ! ለኮሚቴው የክስ ደብዳቤ ጻፍኩና በእድላዊት በር ሥር አሾለኩት። በሁለት ቅጂ።

ከሰዓት በኋላ ቃለሕይወት ደወለ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ሰንጋ ተራ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የፋርማሲ ክፍል ኃላፊ ሆኗል። የዲግሪውን ሥርዓተ ትምህርት ሊከልሱ ነው። «የሙያው አንጋፋ» ብለው ከኮሚቴው አስገብተውኛል። አሮጊት ማለት አፍሮ ነው... ነገ በሦስት ሰዓት አለ። ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው አልኩት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

በሦስት ሰዓት የተገኘነው እኔና ቀድማኝ የደረሰች አንዲት ወጣት መምህርት ብቻ ነን። ነፊሳ ትባላለች። ሌሎቹ አምስቱ እየተንጠባጠቡ ገቡ። ቃለሕይወት መላጣ ሆኗል፤ ግን ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆሞ ማስቲካውን ዋጠ። ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኩት።

ሰባ ገጽ ሰነድ አደሉን። «የትምህርቱ ዓላማ» በሚለው ክፍል ውስጥ «ተመራቂው ይገነዘባል» የሚል አርባ አንድ ቦታ አገኘሁ። መገንዘብ በምን ይታያል? ፈታኙ ጭንቅላቱን ከፍቶ ሊያይ ነው? «ይመዝናል» ይበሉ፣ ሚዛኑን አያለሁ። «ያሳያል» ይበሉ፣ እጁን አያለሁ። አርባ አንዱንም በቀይ ሰረዝኩ። ዓላማ ማለት ተማሪው ፊቴ ቆሞ ሲሠራው የማየው ነገር ነው አልኳቸው። ሁሉም ጻፉት።

ከዚያ ጉዱ መጣ። ነፊሳ በሳምንት ስድስት ሰዓት ከሚሰጠው የመድኃኒት ቅመማ ተግባር አራቱን ወስዳ «ከታካሚ ጋር መነጋገር» ለሚባል አዲስ ኮርስ ልትሰጥ ነው። ቅመማው የእኔ ነው። የሚማሩበትን መጽሐፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሙቀጫው በየት እጅ እንደሚያዝ ሳይቀር። ማውራት ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው? ውሳኔው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ በድምፅ።

ሻይና ብስኩት ቀርቦ ነበር። እኔ በጾሜ፣ ነፊሳ በረመዳኗ፣ ሌሎቹም በየምክንያታቸው አልነኩትም። የሁላችንንም ድርሻ ቃለሕይወት በላ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ማታ አሥራ አራተኛው ደረጃ። እንደገና። ከብሎኩ ኮሚቴ መልስ የለም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሁለተኛው ስብሰባ። ከነፊሳ ጋር ተጋጨን። መድኃኒቱ ዛሬ ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ሰው የሚጎዳው ትክክለኛውን መድኃኒት ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ አወሳሰዱን ሲስት ነው ትላለች። አወሳሰዱ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል አልኩ። ማንበብ ያልቻለ ልጁን ያስነብብ አልኩ። ቃለሕይወት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ይሄ ደግሞ ያናድዳል።

«ቲቸር፣ ማክሰኞ በሽተኛ ሆነው ይምጡልን» አለችኝ። «ተማሪዬ ታናግርዎት። አንድ ስህተት ካላገኘች ስድስቱም ሰዓት ለቅመማው ይቅር። እኔ ራሴ እጄን አወጣለሁ።»

ሳትጨርስ እሺ አልኩ። አሳዘነችኝ። የራሴን የስኳር ኪኒን ይዤ እሄዳለሁ። በኪኒን ጉዳይ እኔ ላይ ስህተት?

ማታ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ደረጃው ደህና ነው። ጠግነውት ይሆን? ለካሁት። አሥራ ሰባት ተኩል።

መጋቢት 7፣ እሁድ

ዛሬም ደህና። ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያዞራል፤ ቅዳሜና እሁድ አያዞርም። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ። ደረጃ ቅዳሜና እሁድ ያርፋል እንዴ? የመንግሥት ሥራ ስለሆነ ይሆናል።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ማታ ከጎመን ግዢ ስመለስ አሥራ አራተኛው ላይ ቁጭ አልኩ። አልወደቅኩም፤ ቁጭ ነው ያልኩት። ላብ፣ ቀዝቃዛ ላብ። ጎመኑ ተንከባሎ ወረደ።

እድላዊት ድምፅ ሰምታ ወጣች። ደግፋ ስታነሳኝ አፌን አሸተተች። አይቻታለሁ። ቤቷ አስገብታ ሻይ ሰጠችኝ፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ለስኳር በሽተኛ ሦስት አይሰጥም ብዬ ነገርኳት። «ይጠጡ እማማ፣ ፊትዎ አመድ መስሏል» አለች። ጠጣሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ደህና ሆንኩ።

ቴሌቪዥኗ ላይ የግፊት ኪኒን አየሁ። ከጎኑ የክስ ደብዳቤዬ። ሁለቱም ቅጂ። ኮሚቴው ለግማሽ ሳንቲም ብሎ ደረጃ አያፈርስም አለችኝ። የማሽተቷን ውጤት ግን ለማንም አልተናገረችም መሰለኝ። እንዲህ ያለው ወሬ ገበያ የለውም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ይህን መጻፍ ከብዶኛል። ግን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ተማሪዋ ሶረቲ ትባላለች፤ አራተኛ ዓመት። «ማዘር፣ እንኳን ደህና መጡ» አለች። እናትሽ አይደለሁም፣ ሠርካዲስ ነኝ አልኩ። ከኋላ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ፣ ነፊሳ፣ ቃለሕይወት። የተሸመደደ ነገር ትወርድልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበሯን አስጠግታ የኪኒኔን ማሸጊያ ፊቴ አኖረች።

«እማማ ሠርካዲስ፣ ትናንት እንዴት እንደወሰዱት ያሳዩኝ።»

ያሳዩኝ... የእኔው ቃል!

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር።»

«እሱ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። ትናንትስ?»

ማሸጊያውን አገላበጥኩት። እሷም አልቸኮለችም።

«ይጾማሉ?»

«እጾማለሁ እንጂ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ማታስ ይደግማሉ?»

አልደግምም አልኳት። በጾም አንዴ ነው የምበላው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ታዲያ የጠዋቷ ኪኒን እንዴት ትሆናለች አለች። አስረዳኋት። ከምግብ ጋር ነው የሚለው፤ ምግብ ያለው ዘጠኝ ሰዓት ነው። መድኃኒት ደግሞ አይዘለልም፤ ይህን አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም በዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ኪኒን አውጥቼ መዳፌ ላይ አሳየኋት። እንዲህ።

ክፍሉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ያን ጊዜ መዳፌን እኔም አየሁት። የአንድ ቀን ኪኒን በአንድ ሳህን ሽሮ ላይ... ይህን ተማሪ ቢመልስልኝ ዜሮ ሰጥቼ ወላጅ አስጠራ ነበር።

«ማታ ማታ ያዞርዎታል?» አለች ሶረቲ።

«ደረጃው...» አልኩ።

«ቅዳሜና እሁድስ?»

ቅዳሜና እሁድ ሰዓት አይጾምም። ከቅዳሴ ስመለስ ጠዋት እበላለሁ፣ ማታም እበላለሁ። አንድ፣ አንድ ኪኒን። ሲሚንቶው አይደለም ያረፈው፤ እኔ ነኝ።

ማንም አልሳቀም። ቃለሕይወት ብቻ ሳል ያዘው። ሲወጣ በትከሻው ይስቅ ነበር፤ ከኋላ ያስታውቃል።

ነፊሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። አሸነፍኩ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም።

«አባቴ በረመዳን እንዲሁ ደርቦ ወስዶ ነው የወደቀው» አለች። «መድኃኒቱ ትክክል ነበር። ትጾማለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የለም።»

ተነሳ ወይ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አልተነሳም።

በመጽሐፌ ውስጥ ሁለት መቶ ስምንት ገጽ አለ። ስለ ጾም አንድ መስመር የለም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ተቆጣኝ። በልጅ ልጄ ዕድሜ ነው፤ ቢሆንም ልክ ነው። ጠዋትና ማታ ካልበላሁ ይህን ኪኒን መዋጥ የለብኝም።

ከዚያ ልደታ ማርያም፣ ንስሐ አባቴ አባ ተክለጻድቅ ዘንድ። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። «መድኃኒት ነው ልጄ። ጠዋት ብዪ፣ ከጾም ምግቡ አትውጪ» አሉኝ። ተባርኬ ልሄድ ስል «ቆዪማ...» ብለው ኪሳቸው ገቡ። የኪኒን ማሸጊያ። እርሳቸውም ሁለቱን በዘጠኝ ሰዓት!

እኔው ራሴ ይዣቸው ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ድምፅ ተሰጠ። እጄን ለነፊሳ አወጣሁ፣ ከሁሉም ቀድሜ። አራቱን ሰዓት ትውሰድ። የቀረው ሁለት ሰዓት ግን የሙቀጫ ነው፤ አንድ ደቂቃ ቢነካ መጥቼ እቆማለሁ አልኩ። ሰባታችንም ተስማማን።

ቃለሕይወት የአዲሱን ኮርስ ዓላማ እንዲህ ረቂቅ አድርጎ አመጣ፦ «ተመራቂው የታካሚውን የኑሮ ሁኔታ ይገነዘባል።» ይገነዘባል! ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በምትኩ ጻፍኩ፦ «ተመራቂው ታካሚው ይጹም አይጹም፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱን ትናንት እንዴት እንደወሰደ እንዲያሳየው ያደርጋል፤ ሳያይ አይሸኝም።» ነፊሳ ደግማ አነበበችው። አንድ ፊደል አልነካችም። እኔም አውቅ ነበር እኮ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ አውቅ ነበር። አሳዪኝ እስክባል ድረስ።

በየማክሰኞው በሽተኛ ሆኜ እንድመጣ ጠየቁኝ። ተስማማሁ። ሶረቲ «እማማ፣ እርስዎ እኮ አራዳ በሽተኛ ነዎት» አለችኝ። ቃሉን ለጊዜው አለፍኩት። ለሚመጣው ማክሰኞ ደንቆሮና ተጨቃጫቂ ልሁንባቸው ብዬ አስቤያለሁ። ሁለተኛው ብዙ ልምምድ አይጠይቀኝም።

ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት። እድላዊት አዲስ ወሬ ይዛለች አሉ፦ እማማ ሠርካዲስ ኮሌጅ ገብተው መማር ጀምረዋል። ላስተባብል? ...ይቅር።

ነገ መጀመሪያ፦ የጠዋቷን ኪኒን ከቁርስ ጋር፤ አንድ ብቻ። ቀጥሎ በደረጃው ላይ ያቀረብኩትን ክስ ማንሳት፣ በሁለት ቅጂ (የግማሽ ሳንቲሙ ስህተት እንደተመዘገበ ይቆይ)። ደብዳቤውን በር ሥር አለማሾለክ፤ አንኳኩቶ መግባት። ከዚያ ያን የግፊት ኪኒን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስቶ፣ እድላዊትን ቁጭ አድርጎ፣ «ትናንት እንዴት ወሰድሽው? አሳዪኝ» ማለት።