በልጄ እጅ ስለተዘጋው ሪፒተር

ለተከበሩ የሬዲዮ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ልጆችዎ ከወጡበት በሰላም ይግቡልዎ። ለመጻፍ እጄ ቀርፋፋ ነው። ይህችን ደብዳቤ አራት ቀን ፈጅቼባታለሁና፣ ቢሰለቹም እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትህትና እለምናለሁ።

ልጄ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ቴክኒሻን ነበረች። ተራራው ጫፍ ላይ ያለውን ሪፒተር፣ ማለትም የእጅ ሬዲዮን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ ከተራራው ወዲህ ላለነው የሚያደርሰውን ሳጥን፣ ስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ ጠብቃዋለች። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የፈቃዱ እድሳት አሥራ አንድ ቀን ስለዘገየ ሪፒተሩ እንዲዘጋ በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። ያን ያህል ቀን የሰው ድምፅ ያለ ማኅተም ሲመላለስ አገር ሳትፈርስ መቆየቷ ይገርመኛል።

፪. ማኅበሩ «ከታች ሆነን ማጥፋት እንችላለን» ብሎ ቢያመለክትም፣ የሳጥኑ መብራት መጥፋቱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ካልቀረበ አልቀበልም ስላሉ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የማኅበሩ ልማድ፣ ወደ ጫፍ የወጣ ሰው አስፋልቱ ደርሶ «ገብቻለሁ» እስኪል ድረስ ሪፒተሩ እንዳይጠፋ ነበር። ሰብሳቢው ይህንኑ ሲያስታውሳት «ጋሼ፣ ፎቶው ዛሬ ካልደረሰ ፈቃዱን ጨርሰው ይከለክሉናል» ብላው ሄደች።

፫. አጠፋችው። ፎቶ አነሳች። ስትወርድ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። በማግስቱ ያገኟት ሰዎች ሬዲዮው እጇ ላይ እንደነበረና ስትጣራበት አድራ ባትሪው ማለቁን ነገሩኝ። እኔም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሬዲዮ ከፍቼ እየጠበቅኋት ነበር። አንድም ድምፅ አልመጣም። ትእዛዝዎ በትክክል መፈጸሙን በዚህ መመስከር እችላለሁ።

፬. ፎቶግራፉ ስልኳ ላይ ተገኝቷል፤ አያይዣለሁ። የጠፋው መብራት በደንብ ይታያል። ጥግ ላይ የምትታየው የልጄ አውራ ጣት ናት፤ ስላበላሸችብዎ ይቅርታ ይደረግላት።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንጨት ለቃሚዎችና መንገደኞች ዛሬም በዚያ ተራራ ይመላለሳሉ። ሪፒተሩን ያስከፍቱልኝ። ሌላ እናት ዝም ያለ ሬዲዮ አጠገብ አትቀመጥ።

ለክፍልዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣
ትእዛዝ የምታከብር ልጅ በማሳደጌ የምጸጸት እናት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ በሬዲዮ ትጠራበት የነበረውን የጥሪ ምልክት ከመዝገብ ለማሰረዝ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ «ባለቤቷ ራሷ በአካል ትቅረብ» ብላኛለች። ላመጣት አልቻልኩም። መቃብሯ ከመቃብር ቦታው በር በስተግራ ሦስተኛው ነው፤ ቅጹን ይዘው ብቅ ይበሉ፣ ቀጠሮ አያስፈልግም።