ማዕረጉን ይተዋሉ ወይ?

ሰኞ፣ ማርች 10፣ 2014

ኧረ ጉድ! የአባባን የአሜሪካ ሲትዝንሺፕ ፎርም ሳገላብጥ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በውጭ አገር የመኳንንት ማዕረግ ነበረዎት ወይ? ከነበረዎት ለመተው ፈቃደኛ ነዎት? እኔ ደግሞ ሳላነብ ሁሉንም "ኖ" ብዬ ሞልቼዋለሁ። አባቴ እኮ ግራዝማች ናቸው! ማዕረጉን ከሁለት ጋሻ መሬት ጋር ከቤተ መንግሥት ነው የተቀበሉት። ኢንተርቪው ዓርብ ነው። ዋሸሁ ማለት ነው? ወይስ ግራዝማች አይቆጠርም?

ማክሰኞ

ሃቫና መንገድ ላይ ፎርም የሚሞላ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። "ዝም በይ፣ ማን ያውቃል" አለኝ። የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ "ከዋሹ ሪጀክት ያደርጓቸዋል" አለች። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ግራ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ለአባባ ብነግር፦ ይቆጣሉ።
ባልነግር፦ ኦፊሰሩ ፊት ይቆጣሉ።

ረቡዕ

ነገርኳቸው። "መሬቱን ደርግ ወሰደው፣ ይሁን። ማዕረጌን ግን በገዛ አፌ ልጣለው? አላደርገውም!" አሉ።

ልጄ ሜሮን ከስኩል መጥታ ጣልቃ ገባች። "ሂስትሪ ላይ ተምረናል፣ ኪንጉ ለሚዋጉለት ሰዎች መሬት ይሰጣል። አባባ፣ ከአንተ በፊት መሬቱ የማን ነበር?" (አንተ ነው የምትላቸው፤ ስንቴ ነግሬያታለሁ!) አባባ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ራትም አልበሉ።

ሐሙስ

ነገ ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው። "እንጃ" አሉ። አባባ እንጃ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ዓርብ

አለፉ! ተመስገን!

ከአስተርጓሚ ጋር ገቡ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ፒዮሪያ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ነገሩኝ። "ያንቺን ኖ አሳረምኩት። ግራዝማች ነበርኩ አልኩ። ትተዋለህ ወይ አለኝ። ተውኩ አልኩት።"

"ከፋዎት አባባ?"

"መሬቱ ባለቤት ነበረው። ደብዳቤዬን ይዤ ስደርስ ሰውዬው እያረሰ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጭሰኛዬ ሆነ። ሰባት ዓመት ጌታዬ እያለኝ ኖረ። ከሜሮን ጥያቄ ወዲህ ስሙን ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ክላክስ ሲያደርጉብኝ ነው የነቃሁት።

አሁን ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ለብቻቸው ስም ይጠራሉ። ወልዴ? አይደለም። ደምሴ? አይደለም። ልደሰት ልዘን አላውቅም።