የሩሰይፋው ቁራ የትኛው ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 12

የሥራ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ሳየው ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። «ቅዳሜ፦ መካ፣ ሩሰይፋ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ተራራ። መርዝ።» ከታች የኔ ፊርማ።

መሥሪያ ቤታችን ጅዳ ውስጥ የህንድ ቁራ ያጠፋል። በመርከብ መጥቶ ወደቡን የወረረ፣ የሌላውን ወፍ ጫጩት የሚጨርስ ቁራ ነው። ወፉን ለይቼ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ አዲስ አበባ ባዮሎጂ አስተምር ስለነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሾፌር «መካም ገብቷል፤ አንገቱ አመድማ ነው» አለኝ። አምኜው ፈረምኩ። ሄጄ ማየት አልችልም፤ መካ የሚገባው ሙስሊም ብቻ ነው፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ደግሞ ክርስቲያን ይላል።

ዛሬ ሾፌሩን ጎጆው የት እንዳለ ጠየቅኩት። «ገደሉ ላይ» አለኝ። የህንድ ቁራ ከሰውና ከቆሻሻ አይርቅም። ገደል የሚወደው የበረሃው ቁራ ነው፤ የአገሩ ወፍ፣ ማንንም ያልነካ። የሱም ማጅራት ፈዘዝ ያለ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አመድማ ሊመስል ይችላል።

ምን ነካኝ? ይህን ያኔውኑ መጠየቅ አቅቶኝ ነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

አብሮኝ የሚኖረው ሰኢድ፣ የአውሮፕላን መካኒኩ፣ ሩሰይፋ አክስት አለችው። እትዬ ረውዳ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰገነታቸው ፊት ለፊት ተራራው ነው። ደወልኩላቸው።

«ቁራ ነው እንግዲህ ልጄ፤ ጥቁር ነው። ሌላ ምን እንዲሆን ፈለግህ?»

መጠኑ? «ከዶሮ አያንስም።» አንገቱ? «እንጃ፤ የኔ ዓይን ለመርፌ እንጂ ለሩቅ አይሆንም።» ድምፁን እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቃ! ቃ! … ኧረ አይደለም፣ ቁርርር!» ወዲያው ሳቃቸው መጣ። «ያረቢ፣ ጎረቤት ሰማኝ! አሮጊቷ ለቀቀች ይሉኛል።»

«ቃ» የህንዱ ነው። «ቁርርር» የበረሃው። የትኛው ነው ብላቸው፣ «ሁለቱንም ይላል መሰለኝ» አሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 14

ወደብ ሄጄ የህንዱን እንደ አዲስ አየሁት። ቀጠን ያለ፣ ራሱ ክብ፣ ዓይን አውጣ፤ ከአንድ ሠራተኛ እጅ ዳቦ ሊነጥቅ ምንም አልቀረው። አንገቱ ልክ አመድ የለበሰ ይመስላል፤ ከጥቁሩ ጋር የሚለይበት ቦታ በግልጽ ይታያል። የበረሃው ግን የማጅራቱ ቡናማ ከጥቁሩ ጋር ይዋሃዳል፣ መለያ መስመር የለውም።

ይህን በስልክ ማስረዳት አልሆነልኝም። መጋዘን ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ የሞተ ቁራ አንገት ላይ ላባ ነቅዬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ነገ ሰኢድ ዕረፍት ነው፤ ያደርስልኛል።

«ለሁለት ቁራ ብለህ ከአለቃህ ከሙዲሩ ልትጣላ?» አለኝ ፖስታውን ሲቀበል።

ሐሙስ፣ የካቲት 15

ሰኢድ በጠዋት መካ ሄደ። እኔ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር፣ ቤት ውስጥ እህል ሳልቀምስ እንጎራደዳለሁ።

ኢቃማዬ ሊታደስ ሙዲሩ ጋ ነው። ቢናደድና «ኸላስ፣ በቃ» ቢል፣ ኹሩጅ ይመታብኛል፤ ከዚህ አገር መውጣት ነው። ወዴት? ከቀበሌ እስር ወጥቼ በሱዳን በኩል የመጣሁ ሰው ነኝ። ደርግ እጅ ተመልሼ ብገባ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

እውነቱን ልጻፍ፤ እትዬ ረውዳ «የህንዱ ነው» እንዲሉ ቀኑን ሙሉ ስጸልይ ዋልኩ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 16

ሰኢድ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ገና በሩን ሳይዘጋ፣ «አክስቴን ልትገድልብኝ ነበር!» አለኝ።

እትዬ ረውዳ ላባውን መስኮት ላይ ይዘው አገላበጡት፤ ከዚያ «ከዚህ ሆኜ አልለየውም» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። በዚያ የጉልበት ሕመማቸው ተራራውን ወጡ። ሰኢድ ከኋላ ከኋላቸው፣ «አክስቴ በአላህ ይመለሱ!» እያለ። ከገደሉ ሥር ሲደርሱ ወፎቹ ከላይ ጮኹባቸው፤ ወፍራም ድምፅ፣ ቁርርር። ጎጆው ውስጥ ጫጩት አለ። ድንጋዩ መሀል የወደቀች ትንሽ ላባ አግኝተው ከኔዋ ጎን አስቀመጧት። «ይቺ አመድ ናት፣ ይቺ ቡና» አሉ። «እኔ ስንት ዓይነት ጥቁር ጨርቅ የለየሁ ሰው ነኝ። አንድ አይደሉም በለው።»

ሌላም አሉ፤ የጎረቤት ፍየሎች እዚያ ተራራ ላይ ይውላሉ። መርዙን እነሱም ይበሉት ነበር።

ሁለቱም ላባዎች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ተሳስቻለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 17

መኪኖቹ ሳይወጡ ሙዲሩ ቢሮ ገባሁ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ «የፈረምኩት ስህተት ነው» አልኩ። ፊቱ ጠቆረ።

«ማን ነገረህ?»

«መካ ያለች አንዲት ሐበሻ። ልብስ ሰፊ ናት።»

«ልብስ ሰፊ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ላባዎቹን ፊቱ ዘረጋሁለት። ቡናማዋን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ብርሃን ላይ አገላበጣት። ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ይሄ የአባቴ ግመሎች ጀርባ ላይ የሚያርፈው ነው። መዥገር ይለቅምላቸዋል። አባቴ ድንጋይ እንድንወረውርበት አይፈቅድም ነበር።»

ስልኩን አንስቶ የሩሰይፋው ሥራ እንዲቀር አዘዘ። ለኔ ደግሞ፣ «ሁለተኛ ሳታይ ብትፈርም ትሄዳለህ» አለኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ፦ «መካ መግባት ካልቻልክ፣ ያቺ ሴትዮ ትይልህ። ጠይቃት።»

እትዬ ረውዳ ጋ ደወልኩ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ ስለ ጫጩቶቹ። ከእንግዲህም ወፍ እንዲያዩልኝ ስጠይቃቸው ግን የስፌት መኪናቸውን ማንኳኳት ቀጠሉ። «የዒድ ልብስ ተቆልሎብኛል» አሉ። «ከሱብሒ ሶላት በኋላ ብቻ ነው የምችለው። ደግሞ ተራራ አልወጣም፤ የሩቅ ማያ መነጽር ላክልኝ።»

ሙዲሩ ስለ ኢቃማዬ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ግን ምሳዬን ጠግቤ በላሁ።