በዝናብ ስለሟሟው ግድግዳዬ ለክቡር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ደረጄ
የመንገድ ዳር ግድግዳዎች ውበት ማስጠበቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ወንበርዎም እንደ ልብዎ ይደንድንልዎ። እኔና ባለቤቴ ፈንታነሽ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ነፋሱም ደኅና ነው፤ በፊት ለፊት እየገባ በጓሮ ይወጣል።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ታላቅ ዜና ለማብሰር ይፈቀድልኝ። የጎረቤቴ የወይዘሮ ወርቅነሽ ፍየል ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከደጄ መቃን ሥር ተርፋ የነበረችውን የመጨረሻዋን የግድግዳዬን ልስን ልሳ ማጠናቀቋን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። በዚህም ጽሕፈት ቤትዎ በሰኔ የጀመረው ሥራ መቶ በመቶ ተፈጽሟል። እንኳን ደስ ያለዎት።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላስቀምጥ።

፩. ሃምሳ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ቤት «የከተማውን ገጽታ ያበላሻል» ብለው የፊቱን ልስን እስከ ማገሩ ድረስ ስላስፋቁልኝ አመሰግናለሁ። ያ ልስን የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ በወንፈል በእግር ተረግጦ፣ እስኪሸት ድረስ ሦስት ሳምንት የሰነበተ ጭቃ ነበር። ሃምሳ አንድ ክረምት ቢደበድበው ያልወረደ፣ ምንም ያልተማረ ጭቃ።

፪. በምትኩ ባለሙያዎ አቶ ታሪኩ ስላመጣልኝ ነጭ ዱቄት አመሰግናለሁ። ስሙ ረጅም ስለሆነ የቀሩኝ ጥርሶች አልቻሉትም፤ ዘሩን ግን ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ከጥጥና ከእንጨት ቃጫ ይወሰዳል፣ በብርቱ ሶዳ ይነከራል፣ በአሲድ ቅመም ይታሻል፣ ታጥቦና ደርቆ ይፈጫል። ቃጫ ሳለ ውኃ አይበግረውም፤ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ግን ውኃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። የጤፍ ጭድም የሥጋ ዘመዱ ነው አሉኝ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ያልተማረውን ዘመድ አስፍቀው የተማረውን አስገቡልኝ ማለት ነው፤ የተማረው ግን ደመና ባየ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይሄዳል።

፫. ሐቁን ልናገር፣ ዱቄቱ ጥፋት የለበትም። የልጅ ልጄ መሰረት ዐረብ አገር አይስክሬም ቤት ተቀጥራ አራት ዓመት ይህንኑ ስታማስል ኖራ ተመልሳለች፤ አይስክሬሙ በረዶ ሆኖ እንዳይሻክር ያለሰልሰዋል። ለደረቀው ዓይኔ ሐኪም ያዘዘልኝ ጠብታ ውስጥም ይኸው አለ፤ ስለዚህ ግድግዳዬ ሲፈስ በራሱ ዱቄት አለቀስኩለት። በግንባታም ቢሆን ለአንድ ጆንያ ጀሶ አንድ እፍኝ ቢጨመርበት፣ ውኃውን ይዞ ልስኑ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። አቶ ታሪኩ ግን መመሪያውን ገልብጦ ለአንድ ጆንያ ዱቄት አንድ እፍኝ ጀሶ አደረገ። መሰረት ይህ ልስን ሳይሆን አጥሚት ነው ብትለው፣ ሥልጠና ወስጃለሁ ብሎ አፏን አስያዛት። ይህም በውጭ ግድግዳ ላይ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ በጉና ተራራ ሥር! ሐምሌ አምስት ቀን ጉና ጠቁሮ ዘነበ፤ ግድግዳዬም በሥነ ሥርዓት ወደ አስፋልቱ ወረደ። ባጃጆች እስከ ማታ ሲንሸራተቱበት ዋሉ።

፬. በማግስቱ በዚያ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ከደጄ ድረስ መጥተው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅር ይበሉን አባባ ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፭. ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥቅምት ሦስት ቀን የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ነው። ቤቴ «ልስን የሌለው» በመሆኑ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንደሚፈርስ፣ በጭቃ መልሶ መለሰንም ክልክል እንደሆነ ይገልጻል። ፈንታነሽን ነፋሱ ደረቷን ይዟት ስታስል ትውላለች። ልስኑን ያስፋቁት እርስዎ፣ ልስን የለህም ብለው የሚያፈርሱብኝም እርስዎ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል የአገሬ ሰው፤ እርስዎ በአጥሩ አልደከሙም፣ በቀጥታ ባለቤቱን ነቀነቁ።

ይህን ሁሉ ውለታ ሳልመልስ ብሞት አፈር አይቀበለኝም። ስለዚህ አቶ ታሪኩ በደጄ ትቶት የሄደውን አንድ ጆንያ ዱቄት መሰረት እንደ ሙያዋ አዘጋጀችልኝ። ለወደፊት ሥልጠናዎ እንዲጠቅም ልግለጽ፦ ዱቄቱ በአንዴ ከተደፋ ይጓጉላል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ከዚያ እንደ መስተዋት የጠራ የወረቀት ማጣበቂያ ይወጣዋል። ይህ ደብዳቤ በሁለት መቶ ቅጂ ከመነኸሪያው እስከ ገበያው ባለው ምሰሶ ሁሉ ተለጥፏል። የጽሕፈት ቤትዎን የመስተዋት በርም አልዘነጋሁትም፤ አሥራ አንድ ቅጂ ደርሶታል።

አይደንግጡ፣ በውኃ ይለቃል። ችግሩ ዝናቡ አልፏል፤ የሰፈራችን ቧንቧም በሳምንት አንዴ፣ ያውም ደስ ሲለው ነው የሚመጣ። እኔ ግን በጓሮዬ የውኃ ጉድጓድ አለኝ። ማስጠንቀቂያዎን በጽሑፍና በማኅተም ያንሱልኝ፣ ጭቃዬን እንድለስን ይፍቀዱልኝ፤ በዚያኑ ዕለት ሁለት ጀሪካን ይዤ መጥቼ በገዛ እጄ አጥብልዎታለሁ። እምቢ ካሉም ሰኔ ሩቅ አይደለም፣ ስምንት ወር ነው። እስከዚያ አገር ያነብልዎታል።

በቸርነትዎ ከቤቱ ሳይወጣ ሜዳ ላይ የሚውለው፣ የሰባት ልጆች አባት፣ የአሥራ ዘጠኝ አያት፣ ለክብርዎ ሲል ኮፍያውን፣ ለነፋሱ ሲል ጋቢውን ከራሱ የማያወርድ አገልጋይዎ፣

ይሻው ሙላቴ
ከሦስት ግድግዳ ቤቱ፣ ጥቅምት ፲ ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ልሙት አልልምና ልናዘዝ። ከጻፍኩት ሁሉ አንዱን ከራሴ ነው የፈጠርኩት፤ ተራ ቁጥር አራትን። አልመጡም፣ ይቅርታም አልጠየቁም፤ ጃንጥላውን ያስያዝኩዎትም እኔ ነኝ። ፈንታነሽ ግን ያን ሰሞን እብናት ልጃችን ቤት ስለነበረች፣ ደብዳቤው ሲነበብላት እውነት መስሏት እያሳለች መረቀችዎት። እኔ አላስተባበልኩም። ወይ መጥተው ምርቃቱ የሚገባዎት ይሁኑ፣ ወይ ለአሮጊቷ ይመልሱላት።