ጾሟን ማን ይፍታላት?

ብቸና፣ ሐሙስ ነሐሴ ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለእፀገነት፣
ሞጣ።

በእመቤታችን ጾም መካከል ሆኜ የአባትነት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ስለ እኔ ብትጠይቂ በሥጋ ደኅና ነኝ። እናትሽ ግን ደኅና አይደለችም። ክፉ ወሬን በደብዳቤ መጨረሻ መሸሸግ የደካማ ሰው ልማድ ስለ ሆነ ከመግቢያው ላይ ጻፍሁት።

እናትሽ ስሜነሽ ያለችው ከየጁቤ በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ካለው ከገደል አፍ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ነው። ለፍልሰታ ሱባኤ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ያ ስሙን ያስተማርሽን አተት ገባ። ጸበሉ አልታመመም፤ የታመመው ከጸበሉ በታች ሰው የሚቀዳው ወንዝ ነው። ያሠለጠንሻቸው በጎ ፈቃደኞች ሊረዱ ሲወርዱ እርሷም አብራ ወረደች። አሁን እርሷንም ይዟታል። የሚበጠበጠው መድኃኒት ከትራስጌዋ አለ፤ እርሷ ግን በጾም ሰዓት አልጠጣም ብላለች። ስልኩ ከሰኞ ወዲህ ስለማይሠራ ይህን ወረቀት የሚኒባስ ሹፌሩ ገላው ይዞልሽ ይመጣል።

ወሬውን ዛሬ ረፋድ ላይ ያመጣልኝ ፋንታ ነው፤ ያ በሥልጠናሽ ጊዜ ሰዉን ሁሉ ሲያስቅ የነበረው ገበሬ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከደጃፌ ቆመ።

«ይፍቱኝ መምሬ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ምነው እንዲህ ሆንህ?»

«የእኔስ ጭቃ ይታጠባል። ያመጣሁት ወሬ ነው የማይታጠብ። እትዬ ስሜነሽን ይዟታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ጠዋት። እዚያ ሱባኤተኛው የሚቀምሰው ፀሐይ ስትጠልቅ አይደል? እስከ ማታ አፏን ዘግታ ዋለች። ማታ ስትጠጣ ፊቷ መለስ አለ፤ ደስ አለን። እኩለ ሌሊት ሲሆን ደግሞ ጾም ገባ ብላ ጽዋውን አስቀመጠችው። ባቷን ይቆረጥማታል። ዓይኗ ገብቷል፤ ድምፅዋም ሰልሏል። እኔም አላስችለኝ ብሎ በጨለማ አቀበቱን ወጣሁ። ከየጁቤ እህል የጫነ መኪና አገኘሁ።»

«ስትለያት አወቀችህ?»

«አወቀችኝ እንጂ! ‹ፋንታ፣ እግርህ እንዳያዳልጥህ› አለችኝ። የታመመው የእኔ እግር መሰላት እንዴ?»

ይህን ሲለኝ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን ራሱም አልሳቀም። እኔም «አወቀችህ ወይ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። «መምሬ፣ ነገርኩዎት እኮ» አለኝ፤ ከዚያም አንገቱን ደፋ።

በሰኔ ወር በቀበሌው አዳራሽ የሆነውን ታስታውሻለሽ። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ ለታመመ ሰው በጥቂት በጥቂቱ እንዴት እንደሚሰጥ ካሳየሻቸው በኋላ ይኸው ፋንታ ተነሥቶ «እኅቴ፣ ጾመኛ ነኝ ቢለኝስ? አፉን ፈልቅቄ ላጠጣው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ «አባባ፣ ይህን እርስዎ ይመልሱልን» አልሽኝ። እኔም «ጾምን የሚፈታ የነፍስ አባት ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ይምከር እንጂ አይፍታ» አልሁ። አንቺም ከሰሌዳው ላይ ጻፍሽው፤ ሁሉም ተቀበለው።

ያልሁት ዛሬም እውነት ነው። ሕጉ ለሕመምተኛ ይራራል፤ የሚራራው ግን በካህን አፍ ነው። ዳሩ ግን ሰው ሱባኤ ሲገባ አገሩንና የነፍስ አባቱን ትቶ እንደሚሄድ በዚያ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ማንም አላነሣም። ፋንታ እንደሚለኝ ከሆነ የአንዱ የነፍስ አባት ደጀን፣ የሌላው ቢቡኝ ነው። በጎ ፈቃደኞቹም የተማሩትን ጠብቀው «የነፍስ አባታችሁን አስጠይቁ» ይላሉ፤ የሕመምተኛው ዘመድ አቀበቱን ይወጣል፤ ሕመምተኛው ጽዋውን አጠገቡ አስቀምጦ ይጠብቃል። የአንዲት ባልቴት ልጅ ፈቃዱን ይዞ ሲመለስ እናቱን ተገንዘው አገኛቸው።

በቦታው አጥማቂ መነኩሴ አሉ። እርሳቸውም ከልማዳችን አልወጡም። «የሌላውን ካህን የንስሐ ልጅ አልነጥቅም፤ በሞት አፋፍ ለደረሰ ብቻ እፈታለሁ» ብለዋል። እናትሽ፣ ጸበል ጾም አያፈርስምና መድኃኒቱን በጸበሉ ልበጥብጠው ብትላቸውም «ጸበል ከጨውና ከስኳር አይደባለቅም» ብለው መለሷት። በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። ነገር ግን ልጄ፣ በዚያው በሰኔ «ይህ በሽታ ውሃውን ከሰውነት ሙጥጥ አድርጎ ስለሚያወጣ የሚጠጡት ሳይደክሙ ነው» ብለሽ አስተምረሽናል። እንግዲያስ በሞት አፋፍ የሚሰጥ ፈቃድ ምን ይጠቅማል? መነኩሴው «አሁንስ ደረሰ» ብለው ሲፈቱ ሕመምተኛው የሚውጥበት ጉሮሮ የለውም። ከረፋድ ጀምሮ በዚህ ነገር ላይ አሳቤ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሏል። ተማሪዎቼ ቅኔያቸውን ሲያሰሙኝ የተሰበረውን ሳላርም አሳለፍሁ፤ እነርሱም ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ከታች ሰፈር የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ፣ እናትሽ ያለችው ከዚህ ርቃ መሆኑን እያወቅሁ፣ የሟቹ ስም እስኪጠራ ድረስ እስትንፋሴን ይዤ ቆምሁ።

እናትሽን ፋንታ ለምኗታል። «እትዬ፣ አንቺ እኮ አሠልጣኝዋ የወለደችሽ ነሽ» ቢላት፣ ሕመሙ ይዟት እንኳ «እኔ ነኝ የወለድኋት፣ አንተ ደንቆሮ» ብላ ሰደበችው። ቀጥላም «ሰዉን ሁሉ የነፍስ አባትህን ጠይቅ ስል ሰንብቼ ለራሴ ሳልጠይቅ ብጠጣ፣ ነገ ከዚህ ድንኳን ማን ቃሌን ይሰማል? ይቺ ሴት ለራሷ ሌላ ሕግ አላት አይሉኝም?» አለችው።  ቀጥ ያለ ነገር ተናግራለችና ልገሥጻት አይቻለኝም።

የእርሷ የነፍስ አባት እኔ እንዳልሆንሁ ታውቂያለሽ፤ የካህን ሚስት ለባሏ አትናዘዝም። የነፍስ አባቷ አባ ሣህለ ማርያም ናቸው፤ እርሳቸውም ለፍልሰታ በዓል መርጡለ ማርያም ወርደዋል። ለስንቱ የንስሐ ልጄ ጾም ልፈታ እችላለሁ፤ ለአንዲቱ ለሚስቴ ግን ሥልጣን የለኝም።

ስለዚህ ይህ ወረቀት እንደ ደረሰሽ፣ ከሞጣ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄድ ሰው ፈልጊ። መኪና ቢጠፋ በቅሎ ይከራይ። አባ ሣህለ ማርያምን አግኝቶ «ስሜነሽ፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ኢየሱስ፣ ትጠጣ» የሚል ቃላቸውን በእጃቸው አስጽፎ ወደ ጸበሉ ይገሥግሥ። ይዘገይ ይሆናል። ቢዘገይም ይሂድ።

ሁለተኛው ነገር የሥራሽ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ልጽፈው የማይገባ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ነገ እጄ ምን እንደሚጽፍ አላውቅም። በሥልጠናሽ ላይ ጨምሪበት። በጎ ፈቃደኞችሽ ሱባኤ ከመግባቱ በፊት፣ በሐምሌ፣ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሱባኤ የሚሄደውን ሰው ሁሉ «ብታመም ልጠጣ ብለህ ከነፍስ አባትህ ፈቃድ ተቀብለሃል?» ብለው ይጠይቁ። ካልተቀበለ ከቤቱ ሳይወጣ ይቀበል። የነፍስ አባቶችንም ከአዳራሹ ጥሪያቸው፤ ይህ በሽታ ሰውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወስድ ከአንቺ አፍ ይስሙ። ሽማግሌ ካህን ከልጅ አይማርም የሚል ቢኖር ወደ እኔ ላኪው። ከፊተኛው ወንበር እቀመጣለሁ።

እኔ አሁን እወርዳለሁ። ፋንታ አብሮኝ ይመለሳል፤ የጁቤ ድረስ የጫነ መኪና አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ያዳልጣል ይላል፤ መቋሚያዬን ይዣለሁ። በዚያ ላሉት የንስሐ ልጆቼ ሁሉ ጾማቸውን እፈታለሁ። መነኩሴውንም በሌሎቹ ጉዳይ ተንበርክኬ እለምናቸዋለሁ፤ ለሰው መንበርከክ ልማዴ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ወደ እናትሽ ድንኳን እገባለሁ። እንደ ካህን የማዝዛት ነገር የለኝም። እንደ ባል ለምኛት አላውቅም፤ እንዴት እንደሚባልም አላውቅበትም። ያን የተበጠበጠውን አንሥቼ በእርሷና በሱባኤተኛው ሁሉ ፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እኔ እጠጣለሁ። ሕመምተኛ አይደለሁምና ሕጉ ለእኔ አይራራም፤ ጾሜን በዐዋጅ ያፈረስሁ ካህን እሆናለሁ። የሚያወራ ያውራ። ንስሐውን እቀበላለሁ፤ ስግደቱ ቢበዛ ጉልበቴ ገና ነው። እናትሽ ካገባኋት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ከማዕድ ብቻዬን ትታኝ አታውቅም። ከዚህም ጽዋ ብቻዬን አትተወኝም ብዬ አምናለሁ፤ ከደረስሁላት።

አንቺ ግን እንዳትመጪ። መንገዱ የታመነ አይደለም፤ የሞጣም ሰው ይፈልግሻል። ይህን ማለት የአባት ግዴታ ነውና ብያለሁ። ብትመጪ አልቆጣሽም።

ገላው ጥሩምባውን እየነፋ ነው። የእናትሽ ወተት ዋጋ ይክፈልሽ፤ የምትዳስሺው ሁሉ ይዳን፤ ክፉ ወሬ በሌላ አፍ አይድረስሽ።

አባትሽ፣
ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ