በቨርላ ስም የመጣው ሳንቲም

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

የጠዋት ተማሪዎቼን አድርሼ፣ አውቶቡሱን አቁሜ፣ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። መንግሥት ለሰብሳቢዎች የሚያወጣው የአዲሱ የብር ሳንቲም ሽያጭ እኩለ ቀን ላይ ኢንተርኔት ላይ ተከፈተ፣ በስምንት ደቂቃ አለቀ። ለአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው የሚሰጡት። ሦስት አገኘሁ። አንዱን በራሴ ስም፣ አንዱን በወንድሜ በዱዌን፣ አንዱን በእህቴ በቨርላ ስምና አድራሻ። ካርዱ የሦስቱም የኔ።

ዱዌንን አስፈቅጃለሁ። ቨርላን ምን ብዬ ላስፈቅድ? ከአባባ ቀብር ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ የለንም። ፖስተኛው በረንዳዋ ላይ ጥሎት ይሄዳል፣ እሷ ሥራ ላይ እያለች አነሳዋለሁ። ምን ታመጣለች?

ሳጥኖቹ ገና ከአሥር ቀን በኋላ ነው የሚደርሱት። ሦስቱንም ዛሬውኑ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ አወጣኋቸው፣ በእጥፍ ዋጋ። ልጆቹን ወደየቤታቸው መልሼ ስመጣ ሦስቱም ተሸጠዋል። እጇ ያልገባ ዕቃ ትሸጣለች የሚለኝ ካለ ይበል… ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሸጠው። አሥራ አንድ ዓመት ስሸጥ አንድ ገዢ ክፉ ቃል ጽፎብኝ አያውቅም። መቶ በመቶ። በሕይወቴ ያላበላሸሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ኦስትራንደር የሚባል የአሪዞና ሰው፣ ሦስተኛው ገዢ፣ ጻፈልኝ። "ሳንቲሙ እጅሽ ላይ ነው?"

"በመንገድ ላይ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ምኑን ነው የሸጥሽልኝ?"

ነዝናዛ ሽማግሌ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

የኔ ደረሰ። የዱዌንም። ሁለቱን ለገዢዎቻቸው ላክሁ። የቨርላም "ደርሷል" ይላል ስልኬ። በረንዳዋ ላይ ግን ምንም የለም። መኪናዋ ደጅ ቆሟል፣ መጋረጃው ሲነቃነቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ሲሆን ነው ዛሬ ሥራ ያልገባችው?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

አንኳኳሁ። ሰንሰለቱን ሳትፈታ ገርበብ አደረገችው።

"ሳጥኔን ስጪኝ።"

"የማን ስም ነው ያለበት?"

"የከፈልኩት እኔ ነኝ።"

"ቨርላ ነው የሚለው። ቤቱም የኔ ነው። ማንን ጠይቀሽ ነው በስሜ የምታዥው?"

"ሸጬዋለሁ፣ ቨርላ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።"

ሳቀችብኝ። "ላም አለኝ በሰማይ… ዛሬም ያው ነሽ?" ከዚያ ሳቋን ዋጠች። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝና ውሰጂው። የአባባን የሳንቲም አልበም መቼ ነው የሸጥሽው?"

"ከቀብሩ በኋላ ነዋ። ለቀብሩ ወጪ። ታውቂው የለ።"

"ዓይንሽን በጨው አጥበሽ…" በሩን ዘጋችው።

እባብ። ሌላ ገዝቼ ለሰውዬው ልላክ ብዬ ስፈልግ ዋልኩ። የሚሸጡት ሁሉ እንደኔ ናቸው፣ ገና እጃቸው አልገባም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ኦስትራንደር፦ "እስከ ሰኞ ካልላክሽ የሥራሽን እጽፍልሻለሁ።"

ይጻፋ። …አይ፣ አይጻፍብኝ። ለአንዲት ምቀኛ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት?

መቼ ሸጥሁት… እዚህ ማን ያየኛል። ሐኪሙ "ከዚህ ሳምንት አያልፉም" ያለን ቀን ነው። አባባ ቤት ሄጄ፣ አልበሙን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት፣ መልሼ አስገባሁት፣ ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ አወጣሁት። ጨረታው የአንድ ሳምንት ነበር። አባባ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ገዢውን "ትንሽ ታገሰኝ" እያልኩ ጠበቅሁ። ምን እስኪሆን ነበር የምጠብቀው?

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ቨርላ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ በረንዳዋ ላይ ጠበቅኋት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቀኑን ጭምር። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች።

"ካወቅሽ ለምን ታደርቂኛለሽ?"

"ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ።" ቁልፏን በሩ ላይ ሰክታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው የምታወራው። "ሆስፒታል ተኝቶ በኔ ስልክ ሳንቲም ሲያይ ነበር የሚውለው። አልበሙን አየው። አልበሙ ላይ ያለው ጽሕፈት የራሱ፣ የሻጩ ስም ያንቺ። የካርድሽን ቁጥር ስጪኝ አለኝ። ጊዜ ማሳለፊያ መስሎኝ ሰጠሁት። መልሶ ሊገዛው ስምንት ጊዜ ዋጋ ጨመረ። ስድስት መቶ ዶላር ሲያልፍ ተወው፣ የቨርላ ገንዘብ ነው ብሎ።"

"ስለኔስ… ምን አለ?"

"ለኖሪን አትንገሪያት፣ ታፍራለች አለኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ሦስት ዓመት ያዝኩልሽ። አሁን ይዘሽው ሂጂ።"

ገብታ ሳጥኑን አመጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ማሸጊያው አልተነካም። "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ።"

በሩ ተዘጋ። ሳጥኑን አላነሳሁትም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ለኦስትራንደር ገንዘቡን መለስኩለት። "ሳንቲሙ የኔ አልነበረም" ብዬ ጻፍኩለት። እሱም ጻፈብኝ፣ ለዓለም ሁሉ የሚታይ፦ "የሌላትን ትሸጣለች።" መቃወም ትችያለሽ ይላል ገጹ። አልተቃወምኩም። ሰውዬው አሁንም ነዝናዛ ነው፣ ግን አልዋሸም።

ከዚያ የድሮውን ጨረታ ፈልጌ አገኘሁት። አለ። አንድ ሰው፣ ስምንት ጊዜ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ። ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ የአባባ ክፍል በር ጥግ ቆሜ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ለማላውቀው ሰው "ጨምር፣ የኔ ጌታ… ጨምር" እል ነበር።