ዱቄት የተቀባ ሽማግሌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ዝናቡ አባርቷል። እንሰቱን ዞሬ አየሁ፣ ደህና ነው። ልጄ ሊድያ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት መጥታ የምነግራትን ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አፍ ግን አለኝ።
ስምንት ወር ሙሉ በስልኳ እየቀረጸች ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችኝ። ወንድማማች እንዴት ይታረቃል፣ ድንበር እንዴት ይለያል... በሽምግልና አርባ ዓመት ተቀምጬ ያወቅሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ዛሬ ስንት ሰው አየው ብላት፣ «ሠላሳ ስምንት» አለች። ኤልያብ የሚሉት አንድ የዱራሜ ጎረምሳ ግን ሰው እየሰደበ ሃያ ሺህ ያየዋል። ከሚያዩት ሰዎችም በስልኩ የገንዘብ ስጦታ ይዘንብለታል። ሚዛኑን የያዘው ማነው?
የሳምንት ሐሙስ ጃጁራ እሄዳለሁ። ሀብቴና ታላቅ ወንድሙ ኤሊያስ በድንበር ቆንጨራ ተማዘዋል። ፍርዱ የኔ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ኤልያብ ሰው እያየን በላይቭ ይግጠሙኝ ብሎ ላከ።
«አባባ፣ ይቅርብህ። ባትል የሚሉት ፉክክር ነው። ብዙ ስጦታ ያገኘ ያሸንፋል፣ የተሸነፈ ፊቱን ዱቄት ይቀባል።»
«ለሱ ፊት ዱቄት ይፈልግ» አልኳት። እሺ ብያለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገጠምን። አምስት ደቂቃ። እኔ ስለ መሐላ ተናገርኩ። እሱ፣ «አባባ፣ ጥርስዎ ሳያልቅ ይጨርሱ!» አለ። በቃ፣ ስጦታው ሁሉ ወደሱ ጎረፈ። ተሸነፍኩ።
ሊድያ ስልኩን ልትዘጋ እጇን ሰደደች። «ኔትወርክ ጠፋ እንላለን፣ አባባ...»
«ማን ነው የሚዋሸው?» አልኳት። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። የበቆሎ ዱቄት እያለቀሰች አመጣች። በሁለት እጄ ተቀባሁ። ጢሜን ጭምር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
መቶ አርባ ሺህ ሰው አየው አለችኝ። ስጦታው አያልቅም። «ይድገሙት!» ይላሉ። ለስምንት ወር ቃል ምንም፣ ለአንድ እፍኝ ዱቄት ይሄ ሁሉ! አልደግምም። ቢሞቱም አልደግምም።
ገበያ ወጥቼ ነበር። ወጣቱ ዱቄት እንደሚቀባ ፊቱን በእጁ እያበሰ ያሳየኛል። ሐሙስ በዚህ ፊት ማን ይሰማኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ከጃጁራው ሽምግልና ልቅር ይሆን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ኤሊያስ ተነሳ። «ዱቄት የተቀባ ሰው አይዳኘኝም!» ሌሎቹ ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። ጋቢዬን ሰብስቤ ልሄድ ስል ሀብቴ መንገዱ ላይ ቆመ።
«ይቀመጡ፣ አባባ። ልጅዎ ስልኩን ልትዘጋ ስትል አይቻለሁ። እርስዎ ከለከሏት። እኔን ከእርስዎ በቀር ማንም አይዳኘኝ!»
ኤሊያስ አጉረመረመ... ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ።
ምስክር ሰማን። ድንበሩን በእግራችን ዞርን። ጥፋቱ የማን ሆነ? የሀብቴ። ሦስት ክንድ ገፍቶ ገብቷል። ከጎኔ የቆመው እሱ ብቻ... ግን መሬቱ እንደዚያ ነው። ፈረድኩበት።
ሀብቴ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የድንበሩን ድንጋይ ነቀለና ተሸክሞ ወደ ጥንት ቦታው አመራ። መንገድ ላይ ሲንገዳገድ ኤሊያስ ሮጦ ሌላውን ጫፍ ያዘለት።
ሊድያ ይህን እየጻፈች፣ «አባባ፣ ምነው በተቀረጸ ኖሮ!» ትላለች።
ሕዝብ እያየው ቢሆን ኖሮ... ሀብቴ ያን ድንጋይ ያነሳው ነበር?